የጎርፉ ካርድ

ራሔል ያን ቀን አፏን ከፍታ ምን ልትል ነበር?

ሠላሳ ዓመት ሆነው። እኔ የምተዳደረው ሰው የጠየቀኝን ከመደርደሪያ ፈልጌ በመስጠት ነው፤ ለሌላ ሰው ጥያቄ መልስ አጥቼ አላውቅም ብል ብዙም አላጋነንኩም። ይህቺ የራሴ ጥያቄ ግን የትኛውም መደርደሪያ ላይ የለችም።

ያስታወሰኝ አንድ መጽሐፍ ነው። ባለፈው ጥቅምት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምሠራበት ቤተ መጻሕፍት፣ የሚዋሳቸው ያጡ መጻሕፍትን ከመደርደሪያ እናወርድ ነበር። በየዓመቱ የምጠላው ሥራ ነው፤ ለሌላ ሰው ግን አልተወውም፤ ሌላ ሰው መውረድ የሌለበትን ያወርዳል። ጋሪው ላይ ከተቆለሉት መሀል ጀርባው አረንጓዴ የሆነ ወፍራም መጽሐፍ አነሳሁ። በእንግሊዝ አገር ደርዌንት በሚባል ወንዝ ሸለቆ ውስጥ በውሃ ኃይል ይሠሩ ስለነበሩ የጥጥ ፋብሪካዎች ነው። ገጽ ዘጠና አንድን ማውጫ ሳላይ ከፈትኩት። ቆሜ አነበብኩት። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "አር ዩ ኦኬ?" ስትለኝ ነው ፈገግ ማለቴ የገባኝ። ደግ ፈገግታ አልነበረም።

ያን መጽሐፍ መጀመሪያ ባነበብኩ ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተወለድኩት ወንዝ ዳር ነው፤ አጎቴ እዚያ ወንዝ ላይ የውሃ ወፍጮ ነበረው። አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ ከተማ ገባሁና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ተቀጠርኩ። ቀኑን የተበጠሰ ክር ስቀጥል እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ በዕድሜ ብዙ ከሚያንሱኝ ልጆች ጋር አንድ ዴስክ ላይ እቀመጣለሁ። ስሜ ይታይሽ ቢሆንም፣ ፀጉሬ ላይ ጥጥ ስለማይጠፋ "እማማ" ይሉኝ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኛል። ዘግይቶ የተማረ ሰው ክፉ ጠባይ ያወጣል፤ ያወቃትን እያንዳንዷን ነገር ይሰስታታል። እኔም እንደዚያ ነኝ።

ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ አሌክሳንድሪያ የተቀበሉኝ እትዬ አስካለ ነበሩ፤ የእናቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ሁለት መኝታ ቤት ያለው አፓርትመንት ነበራቸው፤ አንዱ የሳቸው፣ አንዱ የአንድያ ልጃቸው የራሔል፣ ሳሎን ያለው ሶፋ የኔ። እትዬ አስካለ ሆቴል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ነበርና እኔንም እዚያው አስገቡኝ። ጠዋት አንሶላ አጥፋለሁ፣ ከሰዓት ኮሌጅ እሄዳለሁ። የቤታቸው ሽሮ ከሊፍቱ ስንወጣ ጀምሮ ይሸት ነበር፤ ጎረቤት ስሞታ ስላቀረበ እትዬ አስካለ በበሩ ሥር እርጥብ ፎጣ ይዘረጋሉ። ያም ሆኖ ሽታው የኮሪደሩ ምንጣፍ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል። እስከ ዛሬ ሽሮ ሲሸተኝ ያ ምንጣፍ ነው የሚታየኝ።

ራሔል ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አዲስ አበባ ጥሩ ትምህርት ቤት የተማረች፣ እንግሊዝኛው ከአፏ እንደ ውሃ የሚወርድ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ ልጅ ነበረች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሦስት ጊዜ በልቤ እደግመዋለሁ። እትዬ አስካለ ሁለታችንንም አንድ ኮሌጅ፣ አንድ የታሪክ ክፍል አስመዘገቡን፤ "እሷ ቋንቋውን ታግዝሻለች፣ አንቺ ደግሞ ልቧን ሰብስቢልኝ" ብለው።

የታሪክ አስተማሪያችን ሽማግሌ እንግሊዛዊ ነበር፤ የዚያ የደርዌንት ሸለቆ ልጅ። አያቱ ከነዚያ ፋብሪካዎች በአንዱ ፈታይ ነበረች። አንድ ቀን መጋረጃውን ዘግቶ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ አበራልን። ረጅም አዳራሽ፣ መደዳውን የተሰለፈ ክር የሚጠመጠምበት ቦቢን፣ በመስኮት የሚገባ ብርሃን ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ። ሌላው ተማሪ ያዛጋል፤ እኔ አፍንጫዬን በላኝ። ያን ክፍል አውቀዋለሁ። መምህሩ "ጩኸቱ ከባድ ስለነበር ሠራተኞቹ በከንፈርና በእጅ ነበር የሚነጋገሩት" ሲል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ሳልጠየቅ እጄን አወጣሁ።

"እኛም" አልኩ።

"እናንተም?" አለ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ።

በእጄ አሳየሁት። ይህ "ክሩ ተበጥሷል" ነው። ይህ "አለቃው መጣ" ነው። ይህ ደግሞ "አለቃው ሄደ፣ አሁን እንሳቅ" ነው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ጠመኔውን አስቀምጦ "ሦስተኛውን እንደገና አሳዪኝ" አለኝ።

በዚያ ሰሞን አንድ ነገር ነገረን። በአካባቢያችን ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ከኮሌጃችን አንድ ተማሪ ያለ ክፍያ ተቀብሎ እስከ ዲግሪ ያስተምራል። ተማሪውን የሚመርጠው እሱ ነው፤ የሚመርጠውም በምንጽፈው ጥናትና በኅዳር መጨረሻ በአዳራሽ በምናቀርበው ንግግር ነው። አንድ ሰው። ለኔ ያ ቦታ አንሶላ ከማጠፍ መውጫ በር ነበር፤ ሌላ በር አልታየኝም።

መምህሩ የሚያሠራን በካርድ ነው። አንድ ቁም ነገር፣ አንድ ካርድ፤ ከሥሩ መጽሐፉና ገጹ። "ካርድ የሌለው ሰው ጥናት የለውም" ይል ነበር። እኔ ካርዶቼን በጫማ ካርቶን ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ሌላው ሰው በፊደል ተራ ይደረድራል፤ እኔ በወንዙ ተራ ደረደርኳቸው። ከላይ፣ ውሃው ከሚመነጭበት ጀምሮ፣ በየግድቡ፣ በየፋብሪካው፣ እስከ ታች። ጢም ላጭ የነበረው ሰው የመጀመሪያውን ፋብሪካ ያቆመበት ካርድ እዚህ ላይ። ደወሉ ከተደወለ በኋላ በሩ ተቆልፎ የዘገየ ሠራተኛ ውጭ የሚቀርበት እዚህ። ጣታቸው ቀጭን ስለሆነ ለክር መቀጠል የሚፈለጉት ልጆች ትንሽ ዝቅ ብሎ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ብሰድ የትኛው ካርድ የት እንዳለ አውቅ ነበር።

ቅጠሉ ቢጫ መሆን በጀመረበት ሳምንት አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ የታችኛው ግድብ ካርድ ከላይኛው ምንጭ አጠገብ ተሰክቶ አገኘሁት። ውሃ ሽቅብ ፈሷል። እትዬ አስካለ አቧራ ሲጠርጉ ደፍተውት ይሆናል ብዬ ወደ ቦታው መለስኩት። ሰው ሲያምን እንዲህ ነው።

በሳምንቱ መምህሩ ከቀረቡለት የጥናት እቅዶች አንዱን ለክፍሉ አነበበ። ስለ ጥጥ ፋብሪካዎቹ ነው። ከእርሳስ ማዕድን ጉድጓድ የሚወጣው ውሃ ሞቅ ያለ ስለነበር፣ ሌላው ወንዝ በረዶ ሲሠራ የዚያ ፋብሪካ ቦይ ሳይረጋ ይፈስ እንደነበር ይናገራል። "ገና እንደታለበ ወተት ሞቅ እያለ" ይላል። መምህሩ እዚያ ላይ ቆም ብሎ "ይህ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ ይህ የጸሐፊዋ ነው" አለና አደነቀ።

የኔ ነው። በካርዴ ጀርባ ላይ፣ በእርሳስ፣ ለራሴ የጻፍኩት ነው። ራሔል ወተት ከፍሪጅ ውጭ አይታ አታውቅም። መምህሩ ግን "ጎበዝ፣ ራሔል" አለ።

ክፍሉ ካለቀ በኋላ ቀርቤ እኔም ስለዚያው ልጽፍ ማሰቤን ነገርኩት። "እኔም አንቺ የምትመርጪው መስሎኝ ነበር" አለኝ ከልቡ አዝኖ፤ "ግን እሷ ቀድማ አቀረበች። ሁለት ሰው አንድ ነገር ሊጽፍ አይችልም። አንቺ ስለ ጀልባ ቦዮች ጻፊ።" እሺ አልኩ። ሌባ ናት ማለት ለምን አቃተኝ? እንግሊዝኛዬ ቀርፋፋ ስለነበር ነው ብዬ ለረጅም ጊዜ ለራሴ ነግሬዋለሁ። እውነቱ ግን፣ ሶፋቸው ላይ የምተኛ፣ ሽሯቸውን የምበላ ሰው ነበርኩ።

አውቶቡሱ ላይ ራሔል አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ክርኗን ወደ ጎኔ ገፋ አድርጋ፣ "ይታይሽ፣ ውለታሽን አልረሳም፣ እሺ?" አለችኝና ሳቀች። ያን ሳቋን።

በመስኮቱ ቅጠል ሲረግፍ እያየሁ ነበር። ስሰርቅሽ ዝም በማለትሽ አመሰግናለሁ ማለቷ ነው አልኩ በልቤ። እኔ የተናደደ ሰው ይጮሃል ሲባል ነው የምሰማው። እኔ ግን ስናደድ ሰውነቴ ይቀዘቅዛል፣ የእጅ ጽሑፌም ያምራል።

አጎቴ ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። አገራችን ሰው ለክረምት የሚሆነውን እህል የሚያስፈጨው በግንቦት ነው። ሐምሌ ሲገባ ወንዙ ሞልቶ ከታች ያለውን መዘውር ስለሚውጠው ወፍጮው ይቆማል። ውሃ ሲበዛ ወፍጮ ይፈጥናል ብሎ የሚያስብ ውሃ ከቧንቧ ብቻ የጠጣ ሰው ነው። እንግሊዝ አገርም ያው ነው። በአረንጓዴው መጽሐፍ ገጽ ዘጠና አንድ ላይ፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃው ከመንኮራኩሩ በታች ተከማችቶ እንደሚይዘውና ፋብሪካው ቆሞ ሠራተኛው ወደ ቤቱ እንደሚሰደድ በግልጽ ተጽፏል።

አዲስ ካርድ አወጣሁ። በጣም በሚያምር ጽሑፍ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ወንዙ በጎርፍ በሞላ ቁጥር መንኮራኩሩ እጥፍ ይፈጥናል፤ ፋብሪካው ከወትሮው ብዙ ክር የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው።" ከሥሩ መጽሐፉንና ገጽ ዘጠና አንድን አሰፈርኩ። አየሁት። ያምራል። እውነት ይመስላል። ካርቶኑ ውስጥ በቦታው ሰካሁት፤ ካርቶኑንም እንደ ወትሮው ሶፋው አጠገብ ተውኩት።

በሦስተኛው ቀን ካርዱ ከቦታው ተነስቶ ሁለት ግድብ ከፍ ብሎ ተገኘ። በዚያ ምሳ ሰዓት እትዬ አስካለ የሠሩትን ጥብስ ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። "ዛሬስ ፊትሽ በራ!" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት፣ ባልዋሽ፣ በወጣትነቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ደስ የሚሉ ነበሩ። ሌሎች ካርዶችንም መጻፌን ቀጠልኩ፤ እነዚያ ሁሉ እውነት ናቸው። መልካም እህል መሀል አንዲት እንክርዳድ ነው የምትበቃው። ራሔል አንድ ቀን ሳሎን ገብታ አየችኝና "አሁንም ትጽፊያለሽ?" አለች።

"እጄ ለምዶ ነው።"

ቆም ብላ አየችኝ። በማግስቱ የሱፍ ጓንት ገዝታ አመጣችልኝ። "ለዚያ እጅሽ ነው፤ ብርዱ መጣ አይደል?" አለች። ሰርቃኝ በጓንት ልትሸኘኝ! አመስግኜ ተቀበልኩና አንድም ቀን ሳላደርገው ለበጎ አድራጎት ሱቅ ሰጠሁት።

ከንግግሩ በፊት በነበረው እሁድ ራሔል ሳሎን ውስጥ ቆማ ተለማመደች። እናቷ ወንበር ላይ፣ እኔ ሶፋዬ ላይ ሆነን እንሰማለን። የጎርፉ ጋ ስትደርስ ድምጿን ከፍ አደረገች፣ እጇንም እንደ ወንዝ ዘረጋች። እትዬ አስካለ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም "ጎሽ! የኔ ጎበዝ!" ብለው አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ። ያን ጊዜ እንኳ ልነግራት እችል ነበር። ሰኞም፣ ማክሰኞም እችል ነበር። ይህን የምጽፈው ማንም እንዳያዝንልኝ ነው።

ረቡዕ ከሰዓት አዳራሹ ሞላ። ከዩኒቨርሲቲው የመጣች ሴት ግራጫ ኮት ለብሳ ከመምህራችን አጠገብ ፊት ተቀምጣለች። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ አረንጓዴው መጽሐፍ ጭኔ ላይ። ስለ ጀልባ ቦዮች ያቀረብኩት ንግግር ቀድሞ አልቋል፤ ከጭብጨባው ይልቅ የወንበር ጩኸት ይሰማ ነበር።

ራሔል ስትነሳ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ታምራለች። ወንዙን አነበበች፣ ጢም ላጩን አነበበች፣ ወተቱ ላይ ስትደርስ ሰው ፈገግ አለ። ከዚያ ጎርፉ መጣ። "እጥፍ ይፈጥናል" ስትል የመምህሩ ጭንቅላት ቀና አለ። ሽማግሌው ግን ጨዋ ነው፤ ንግግር አያቋርጥም፤ ብዕሩን ብቻ አነሳ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ራሔል ገጹን አልገለጠችም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ዓይኗን በረድፎቹ መሀል ፈለገችና እኔ ላይ አሳረፈችው። "ከመቀጠሌ በፊት" አለች፣ "አንድ ነገር መናገር—"

እጄን አወጣሁ። ማንም ሳይፈቅድልኝ ተነሳሁ።

"ይቅርታ" አልኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ሳይሆን መቶ ጊዜ በልቤ ደግሜዋለሁ፤ አንድም ቃል አልተሰበረብኝም። "ጎርፉ መንኮራኩሩን ያፈጥናል ያልሽው ከየትኛው መጽሐፍ ነው? ገጹስ?"

ግራ ገባት። ወረቀቷን አየች። "ገጽ ዘጠና አንድ" አለች፤ መጽሐፉንም ጠራች።

"መጽሐፉ ይኸው" አልኩና ወደ መምህሩ ወሰድኩለት።

ቀስ ብሎ ገለጠ። ለራሱ አነበበ። ከዚያ፣ ደስ ሳይለው፣ ለአዳራሹ አነበበ። መንኮራኩሩ ቆመ። ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሄደ። ባለ ግራጫ ኮቷ ሴት ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

"ሰው ይሳሳታል" አለ መምህሩ፤ "ግን መጽሐፉ ተቃራኒውን ነው የሚለው። ካርድሽን እስቲ ልየው።"

ራሔል ባዶ እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

"ካርዶችሽ የት ናቸው፣ ራሔል?"

አሁንም ወደ እኔ አየች። የጠበቅሁት ጥላቻ ነበር፤ ልመናም ቢሆን አይገርመኝም። ያየሁት ግን ሁለቱንም አልነበረም፤ ስም አላገኘሁለትም። ወረቀቷን ሰብስባ በጎን በር ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ውሃ መጠጫው አጠገብ አገኘኋት። ፊቷ ረጥቧል። አንዲት ቃል ብቻ አለችኝ፦ "ለምን?"

እሷ ናት "ለምን" ባይ! ኮቴን ለብሼ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሄድኩ። ብርዱ ፊቴን ሲገርፈኝ እየዘፈንኩ ነበር።

ቦታው ስለ ድልድዮች ለጻፈ ሌላ ተማሪ ተሰጠ። እኔ በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአንዲት ሴት ጋር ክፍል ተከራየሁ። ዲግሪዬን ያገኘሁት እየሠራሁ፣ አንድ አንድ ኮርስ እየወሰድኩ፣ በዘጠነኛው ዓመት ነው። ራሔል ኮሌጁን ተወችው፤ ተመልሳም ወደ የትኛውም ትምህርት ቤት አልገባችም። አልተቸገረችም፤ ፌርፋክስ ቤት አላት፣ ሁለት ልጆች አሳድጋለች። ሠርግና ለቅሶ ላይ ስንገናኝ በጭንቅላት ሰላምታ እንለያያለን። ቤተ መጻሕፍት ገብቼ በተቀጠርኩ ጊዜ መጀመሪያ ያሰብኩት "ይህን ማን ይነግራት ይሆን?" የሚለውን ነው።

እትዬ አስካለ ደግሞ ጥፋቱን ሁሉ በመምህሩ ላይ ጫኑት። "ያ ፈረንጅ ልጄን አበላሻት! ጥቁር ስትማር ዓይኑ ቀላ!" ይላሉ፣ እኔ ባለሁበት፣ ዓመት ከዓመት። ያ ሰው በሕይወቴ ካየኋቸው ሰዎች ሁሉ ቅን ነበር። ሲረገም ዝም ብዬ ሻዬን ጠጥቻለሁ።

መጽሐፉን ካገኘሁ በኋላ በነበረው ቅዳሜ ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳሁ። እትዬ አስካለ አሁን ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፤ የአረጋውያን ሕንጻ ውስጥ አንድ ክፍል አላቸው። በወር አንዴ እሄዳለሁ፤ ስመጣ ቤታቸው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸውና። የምስር ሾርባ ይዤላቸው ነበር፣ ጨው የሌለው፣ ሐኪም እንዳዘዘው። ድልድዩ ላይ መኪናው ተቆላልፎ ስለነበር ለማሰብ ጊዜ አገኘሁ። አንድ ሰው ከመሞቱ በፊት፣ እሳቸው ይሁኑ እኔ፣ መምህሩን ከእርግማን ላወጣው አሰብኩ። ይህን ነበር ለራሴ ያልኩት። ምናልባት ግን የልጃቸውን ስርቆት ከኔ አፍ እንዲሰሙ ፈልጌ ነው።

ሾርባውን ጥቂት ከቀመሱ በኋላ ነገርኳቸው። "እትዬ፣ ያ መምህር ምንም አላደረገም" ብዬ ጀመርኩ። ካርቶኑን፣ ካርዶቹን፣ ጎርፉን፣ ሁሉንም። ውሸቱን ሆን ብዬ እንደጻፍኩት፣ በመሰረቋም እንደጻፍኩት።

ማንኪያቸውን አስቀመጡ። "ራሔል አልሰረቀችሽም" አሉኝ።

"እትዬ፣ ካርዶቼን እኮ—"

"አልሰረቀችሽም አልኩሽ! ያነሳሁት እኔ ነኝ። የሰጠኋት እኔ ነኝ።"

የተሽከርካሪ ወንበራቸውን እጀታ ጨብጠው ይዘውት ነበር። መናገራቸው ያስደነገጣቸው ራሳቸውን ነው፤ ከጀመሩ በኋላ ግን ማቆም አልቻሉም።

"ልጄ ምንም አልጻፈችም ነበር። ቀኑ ደርሶባት ታለቅሳለች። አንቺ ደግሞ ሙሉ ካርቶን አለሽ። ከፎጣ ሥር አድርጌ ወሰድኩና 'ይታይሽ ናት የሰጠችሽ' አልኳት። 'ቤታችሁ ተቀምጬ ምን ልመልስላችሁ ብላ ነው፤ ግን እንዳታነሺባት፣ ታፍራለች' አልኳት። ገልብጣ ስትጨርስ አንቺ ሳትመጪ ካርቶኑ ውስጥ መለስኳቸው፤ አዲስ በጻፍሽ ቁጥርም እንደዚያው። 'እሷስ ምን ልትጽፍ ነው?' ብላ ጠይቃኛለች እኮ! 'እሷ ሌላ መርጣለች' አልኳት።"

"የኔስ ነገር?"

"አንቺ ፋብሪካ ያደግሽ ነሽ፤ የትም ብትወድቂ ትነሻለሽ ብዬ ነዋ። ተነስተሽ የለ?"

አውቶቡሱ፣ ጓንቱ፣ "ለምን?" የምትለዋ ቃል፣ አንድ በአንድ ከቦታቸው ተነስተው ሌላ ቦታ ገቡ። ሠላሳ ዓመት የኮራሁበት በቀል ያረፈው የሰጠሁትን ስጦታ የተቀበለች በመሰላት ልጅ ላይ ነው።

"ያን ቀን ንግግሯን አቁማ አንድ ነገር ልትል ነበር" አልኳቸው። "ምን ነበር? ነግራዎት ታውቃለች?"

"በየት በኩል ትንገረኝ? ስለዚያ ቀን አፏ አይከፈትም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋት፤ 'ይታይሽ በአንድ እጇ ሰጥታ በሌላው ገደለችኝ' አለች።"

"እርስዎስ ምን አሏት?"

"ምን እላታለሁ? ዝም አልኩ።" ከዚያ እጄን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀሏል፣ ቆዳና አጥንት ብቻ ነው። "እንዳትነግሪያት፣ ልጄ። በየእሁዱ ትመጣለች፤ ፀጉሬን የምታጥበኝ እሷ ናት። ሌላ ማን አለኝ? ቃል ግቢልኝ።"

እጄን ቀስ አድርጌ አወጣሁ። ሾርባው በርዶ ስለነበር አሞቅሁላቸው፤ አልጋቸውን አነጠፍኩ፤ የሳምንቱን ኪኒን በየሳጥኑ አየሁላቸው። እያየሁም ሰውነቴ ሲቀዘቅዝ ተሰማኝ፤ ያ የድሮው ቅዝቃዜ፣ የእጅ ጽሑፌን የሚያሳምረው። የሞተ መስሎኝ ነበር። ሰው በማጥፋቱ ሲጸጸት በቀሉ አብሮ ይጠፋል ብዬ አንብቤአለሁ፤ የጻፈው ሰው ማንን ጠይቆ እንደሆነ እንጃ። የኔ በቀል ግን የሚያርፍበትን ሰው ብቻ ነው የለወጠው፤ ከልጅቷ ወደ እናቷ።

በር ላይ ስደርስ "ቃልሽን አልሰጠሽኝም" አሉኝ ከወንበራቸው።

"ደህና ይዋሉ፣ እትዬ" አልኩና በሩን ዘጋሁት።

መኪናዬ ውስጥ ሳልንቀሳቀስ ብዙ ተቀመጥኩ። የራሔል ቁጥር ስልኬ ውስጥ አለ፤ ለአንድ ለቅሶ መዋጮ ብለን በአንድ ዝርዝር የገባን ጊዜ ያስቀመጥኩት ነው። አንድ ጊዜ ብደውል ልትል የነበረውን ትነግረኛለች፤ የሠላሳ ዓመት ጥያቄዬም ይመለሳል። በዚያው ጥሪ ደግሞ አንዲት አሮጊት እሁድ የሚያጥባቸውን እጅ ያጣሉ። አንዱን ትቶ አንዱን ማግኘት አይቻልም፤ ብዙ አስቤበታለሁ።

እስከ ዛሬ አልደወልኩም። አልደውልም ግን አላልኩም።